ባንድ ጎኑ ያየሁት ባቡር

አባቴ እንጨት ጠራቢ ነበርና «ያየኸውን ሥራ፤ ያላየኸውን አትጨምርበት» ይለኝ ነበር። እኔም በጎረምሳነቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ሳጭድ በእርሻው ዳር የሚያልፈው ባቡር ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ፣ በስተርጅና መተማ ዮሐንስ ቤቴ ውስጥ ከዘይት ቆርቆሮና ከሽቦ ሠራሁት። ሐዲዱና ጣቢያው ከነሰሊጥ እርሻው የጓዳውን ወለል ሞላው። ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ እሱው ዘንድ ቁጭ እላለሁ፤ ዝም ብዬ ሳየው የሚሄድ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ሰሊጡ ደርሶ ማስቀመጫ ጠፋ። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ይህ ባቡርህ እህል አይጭን፣ ሰው አይጭን፤ አንሣልኝ እንጂ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ላፈርሰው ፒንሳዬን ይዤ ስገባ፣ ከጦርነቱ ሸሽቶ ከሱዳን የተሻገረ አንድ ጎልማሳ ከደጅ ውሃ ለመነን። ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስ ባቡሩን በበሩ አየው። ጫማውን አውልቆ ገባና ጉንጩን ወለሉ ላይ አድርጎ ተኛ። እኔ ሲሄድ የማየውን እሱም የሚያየው መሰለኝ። ኋላ ተነሥቶ በወዲያኛው ጎን ዞረና ደነገጠ። ያ ጎኑ ድፍን ቆርቆሮ ነው።

«መስኮቱስ?» አለኝ በዐረብኛ።

«በዚያ በኩል አይቼው አላውቅም። የማጭደው በዚህ በኩል ነበር። ደግሞም ዛሬ ላፈርሰው ነው» አልሁት።

መዳፉን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «አያፍርሱት፣ አባቴ። በባቡሩ ስንሄድ እናቴ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በዚህኛው በኩል ነበር፤ መስኮት ይክፈቱላት።»