አልጋው ሲዞር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሊነሳ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ቀርቶት ነበርና ወይዘሮ መዲና የፒያሳ ጉዳያቸውን ጨርሰው እየተቻኮሉ ገቡ። ተቀምጠው ሻርፓቸውን ሲያስተካክሉ፣ ከጎናቸው ያለው ወጣት በየቀኑ ሥራ ላይ የሚያገኙት ነርሱ ሙንዚር ሆኖ አገኙት።

ሁለቱም የሚሠሩት ኮምቦልቻ ዳር በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እሳቸው የአስታማሚዎች ኃላፊ ሆነው ዐሥራ አራት ዓመት ቆይተዋል፤ እሱ ከኮሌጅ ተመርቆ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ መዲና!»

«ወአለይኩሙ ሰላም። በዕረፍት ቀንህ ደግሞ ምን ያንከራትትሃል?»

ሙንዚር ጉልበቱ ላይ ያለውን ፌስታል ከፈት አድርጎ የቁስል መሸፈኛ አሳያቸው። «የጋሽ ዘይኑልአቢዲን ነው። ትናንት ቀኝ ዳሌያቸው ቀልቶ አየሁት። በጣቴ ብጫነው ቅላቱ አልጠፋ አለኝ። ቆዳው አሁን ካልዳነ፣ የአምናው የመኝታ ቁስል መመለሱ ነው።»

አምና ያ ቁስል እስኪድን አራት ወር ፈጅቷል፤ አልጋ ላይ የዋሉት ሽማግሌ ሲታጠብላቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም የሚሉት ነገር ዛሬም ከወይዘሮ መዲና ዓይን አልጠፋም። ቢሆንም ለወጣቱ በቀላሉ እጅ መስጠት አልፈለጉም።

«እንግዲህ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧቸው ልትለን ነዋ!»

«ልል ነው።»

«አምናም ተብለናል፣ የኔ ልጅ። አሠልጣኞች መጡ፣ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ለጠፉ፣ እኛም ስድስት ወር ሙሉ ባገላበጥን ቁጥር ምልክት አደረግን። ቁስሉም ዳነ፤ አልዋሽም። እነሱ ሄዱ፤ ሰንጠረዡን ዝንብ አራበት። አንተም ነገ ትሄዳለህ። የተማረ ሰው እኛ ዘንድ መች ይበረክታል?»

«እውነትዎን ነው፣ ልሄድ እችላለሁ። የምጠይቅዎትም ለዚሁ ነው። ቁስሉ ሲድን በዓይንዎ እያዩ ለምን ተዉት?»

«ሥራ በዛብንና!»

«እማማ ሸዋረጋን ግን እስከ ዛሬ ሳያጓድሉ ያገላብጧቸዋል። ሥራ የሚበዛው ጋሽ ዘይኑ አልጋ ጋ ሲደርሱ ብቻ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ነርስ ነህ ወይስ መርማሪ?» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

መኪናው የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወረደ ነበር። ከታች ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። የድሮው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ጣሪያ ብልጭ ሲልባቸው፣ ወይዘሮ መዲና ከደጋን ከተማ ወጥተው ለሥራ የመጡበት የዐሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜያቸው ከነድምፁ መጣባቸው። የመጀመሪያ ቀን የማሽኑ ጩኸት አስደንግጧቸው ጥግ ይዘው ሲያለቅሱ፣ የፈረቃው አለቃ ዘይኑልአቢዲን ጆሯቸው ውስጥ የሚወትፉት ጥጥ ሰጥተው፣ «አብሽሪ ማዲ፣ ሳምንት ሳይሞላሽ ዘፈን ይሆንልሻል» ብለዋቸው ነበር። እንዳሉትም ሆነ። ያ የማሽን ድምፅ ዛሬ ቢገኝ ገንዘብ ከፍለው ይሰሙት ነበር።

«እኒያ ሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «በፈረቃ መሐል ከመጋዘኑ ጀርባ ካርቶን አንጥፈው ይሰግዱ ነበር። አንድ ሶላት አላሳለፉም። መጦሪያው የገቡ ለት እጄን ይዘው፣ ‹ማዲ፣ ከእንግዲህ መነሳት የለኝም፤ ፊቴን ከቂብላ እንዳታነሽብኝ፣ አማና› አሉኝ። አደራውን ተቀብዬ እሺ አልኩ። የእናንተ ሰንጠረዥ ግን በግራ ጎን አስተኙ ሲል ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞረ። አሠልጣኞቹ እስካሉ አንጀቴ እያረረ ታዘዝኩ። ሲሄዱ ወደ አማናዬ ተመለስኩ። ሞት በግራ ባስተኛኋቸው ሰዓት ቢመጣስ? ለአላህ ምን ልመልስ ነው?»

ሙንዚር ወደ እሳቸው ዞረ። «ይህን ለአሠልጣኞቹ ነግረዋቸው ነበር?» አለ።

«ማን ጠይቆኝ!»

ብዙ መልካም ነገር ከእንዲህ ያለ ቤት ወጥቶ የሚጠፋው በዚሁ በር ነው። ዕውቀት ያለው ሰው መጥቶ እንዲህ አድርጉ ይላል፤ አድራጊዋ ግን በልቧ ምን እንደያዘች አይጠየቅም። ተቆጣጣሪው ሲሄድ የተለጠፈው ወረቀት ይወድቃል፤ ልብ ውስጥ ያለው ይቀራል።

«እትዬ መዲና» አለ ሙንዚር፣ «ፊታቸው አማና ነው፤ አልክድም። ገላቸውስ? እሱንስ ለእርስዎ አይደል የሰጡት?»

ከመኪናው ሲወርዱ ወይዘሮ መዲና ቤታቸው መሄዱን ትተው ወደ መጦሪያው አብረውት ገቡ።

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን እንደ ወትሮው በቀኝ ጎናቸው፣ ፊታቸውን በስተሰሜን፣ በመካ አቅጣጫ ወዳለው መስኮት አድርገው ተኝተዋል። ወይዘሮ መዲና ጋቢውን ገለጥ አድርገው ዳሌያቸውን አዩ። ቅላቱ የመዳፍ ያህል ሰፍቷል። ፍቅራቸው ራሱ የሠራው ነገር መሆኑን ሲያስቡ እንባቸው ወረደ።

«በጀርባቸው አስተኝተን አንገታቸውን ብቻ ብናዞርስ?» አለ ሙንዚር።

«ትቀልዳለህ? የሰው አንገት ነው እኮ!»

ሲጨነቁ ዓይናቸው የአልጋው እግር ላይ አረፈ። አልጋው ጎማ አለው፤ ከገባበት ቀን ጀምሮ ማንም አንቀሳቅሶት አያውቅም። ፋብሪካው ውስጥ ክር የሚጭኑበት ጋሪም ጎማ ነበረው። በጠባቡ መተላለፊያ ጋሪውን እንዴት ማዞር እንደሚቻል ያሳዩዋቸው እኚሁ የተኙት ሰው ነበሩ። «ማዲ፣ ክሩን አታንገላቺ፤ ጋሪውን አዙሪው» ይሏቸው ነበር።

«ሙንዚር፣ ያንን ፍሬን አንሳ» አሉ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አንሳ ብዬሃለሁ!»

አልጋውን ከነሽማግሌው ቀስ ብለው አዞሩት። ራሳቸው የነበረበት እግራቸው፣ እግራቸው የነበረበት ራሳቸው ሆነ። ከዚያ ለሁለት ይዘው ወደ ግራ ጎናቸው አገላበጧቸው። ፊታቸው ያው መስኮቱ ላይ፣ ያው ቂብላ ላይ አረፈ፤ የቀላው ዳሌ ከፍራሹ ተላቆ አየር አገኘ።

ሙንዚር ፍሬኑን መልሶ ያዘ። «ይህ በትምህርት ቤት አልተነገረኝም።»

«ትምህርት ቤታችሁ ጋሪ የለውማ!» አሉ ወይዘሮ መዲና እንባቸውን እየጠረጉ እየሳቁ። «ያንተ ሁለት ሰዓትም ልክ ነው፤ አመንኩ። እንግዲህ በየሁለት ሰዓቱ አዞራለሁ። ግን እኔ የሌለሁ ለትስ? ነገ የምትቀጠረዋ ልጅ እንደ እኔ ልቧ ይቃጠላል?»

ያን ጊዜ ሁልጊዜ ዝም የሚሉት ሽማግሌ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሁለቱም ጎንበስ አሉ።

«ማዲ... ማሽን እየሄደ... እንዴት ነበር የምትረከቢው?»

ወይዘሮ መዲና ወዲያው ገባቸው። በፋብሪካው ፈረቃ ሲለወጥ ማሽን አይቆምም ነበር። ተረኛዋ መጥታ ክሩን አይታ፣ እጇን ማሽኑ ላይ አሳርፋ፣ «ተረክቤያለሁ» ካላለች በስተቀር የቀድሞዋ ቦታዋን አትለቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የመጦሪያው ሥርዓት ይኸው ሆነ። ወጪዋና ገቢዋ አስታማሚ በየአልጋው ዘንድ አብረው ይቆማሉ፣ ቆዳውን አብረው ያያሉ፣ የተኛውን ሰው አብረው ያገላብጣሉ፤ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ዘንድ ሲደርሱ አልጋቸውንም ያዞራሉ። በየመሐሉ ተረኛዋ ከጓደኛዋ ጋር በየሁለት ሰዓቱ እንዲሁ ታደርጋለች። አዲስ የተቀጠረች ሥራውን የምትለምደው አጠገባቸው ቆማ እንጂ ከግድግዳ አንብባ አይደለም። ምክንያቱም ይነገራታል፤ የሚከብዳት ነገር እንዳለም ትጠየቃለች።

ሙንዚር እንደተፈራው አምስት ወር ቆይቶ ወደ ደሴ ተዛወረ። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ቀን ሳይታሰብ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ብቅ አለ። ወይዘሮ መዲና ከኮሪደሩ አይተውት ሊጠሩት ሲሉ፣ የጋሽ ዘይኑልአቢዲን ክፍል በር ላይ አዲሷ አስታማሚ ሳሚያ አስቆመችው።

«ወንድም፣ ትንሽ ይታገሱ፤ መረካከብ ላይ ነን።»

ሙንዚር ቆመ። ሳሚያና ወጪዋ ተረኛ ኩኩ ዳሌውን አዩ፣ ፍሬኑን አነሱ፣ አልጋውን አዞሩ፣ ሽማግሌውንም ወደ ሌላው ጎናቸው አገላበጡ።

«ማን አስተማራችሁ?» አለ።

«ምኑን?» አለች ሳሚያ ግራ ተጋብታ። «የቤቱ ወግ ነው እኮ። ድሮም እንዲህ ነው የሚሠራው።»

ሙንዚር ወይዘሮ መዲናን አያቸውና ፊቱ በራ። ያመጣው ሰው ስም ተረስቶ ነገሩ ብቻ ሲቀር፣ ያኔ ነው ሥር የሰደደው። በዓመቱ ውስጥ ከተኙት ሽማግሎችና አሮጊቶች አንዳቸውም ቁስል አላወጡም። ፋሻ ሲለወጥ ይሰማ የነበረው የሌሊት ሲቃም ቀርቷል፤ አስታማሚዎቹም ከበሽተኛ ስቃይ ጋር ከመታገል አርፈው ከሽማግሎቹ ጋር ለመጫወት ጊዜ አግኝተዋል።

ከክፍሉ ውስጥ የጋሽ ዘይኑልአቢዲን የደከመ ድምፅ ተሰማ።

«ተረከብሽ?»

«ተረክቤያለሁ፣ ጋሼ» አለች ሳሚያ።

ወይዘሮ መዲና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የዚያ ሁሉ ማሽን ዘፈን ጆሯቸው ላይ መጣ። ከዚያ ሻርፓቸውን አስተካከሉና፣ ፈረቃዋን እንዳስረከበች ሴት፣ ወደ ኋላ ሳያዩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።