ሳይጨርስ ለተመለሰ ልጅ ሜዳልያ

በዚያ ዓመት የመንደራችን ቦይ ከብዙ ዘመን በኋላ ሰው ሊሸከም በሚችል በረዶ ተሸፈነ። በማግስቱ ልጆች በበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ከመንደር መንደር የሚሄዱበት ጉዞ ነበረ። እኔም በመንደሩ ትምህርት ቤት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝና፣ ነፋስ ለመቀበል ወደ ግድቡ ወጣሁ። እዚያም የበረዶው አለቃ ሽማግሌው ሄሰልና ወጣቷ መምህርት ዪልዳው ሲከራከሩ ሳላስበው ደረስሁባቸው። በአገራችን በፍሪስላንድ መንደሮች የበረዶው አለቃ ሳይፈቅድ ማንም ቦዩን አይረግጥም፤ የጉዞውም ደንብ በእርሱ ቃል ይጸናል።

«ራሳቸው ላይ ሄልሜት ያድርጉ ያልሽውን ተቀብዬሻለሁ» ይላል ሄሰል፣ የበረዶ መብሻውን ተደግፎ። «ልጆቹ ጥቅል ጎመን ይምሰሉ፣ ግድ የለኝም። መንገዱን ላልጨረሰ ልጅ ሜዳልያ ስጥ ማለትሽን ግን አልሰማም!»

«አጎቴ ሄሰል፣ ሰንፎ ላቋረጠ አላልኩም። ጭንቅላቱን ተመትቶ ለቆመ ነው ያልኩት።»

«እኛም ተመትተናል። ተነሣን፣ ልብሳችንን አራገፍን፣ ሄድን። ምን ሆንን?»

«ስለ እርስዎ ጭንቅላት እንኳ መንደሩ ገና አልተስማማም።»

ሄሰል ሳይወድ ፈገግ አለ። «አንቺ ምላሰኛ! ነገ ሁሉም ጭንቅላቴን እያለ ሜዳልያ ይለቅማል።»

«ይልቀም። አንድ ዋሾ ቢያታልለን የምናጣው ቁራጭ ነሐስ ነው። አንዱ ሕመሙን ቢደብቅ ግን ልጅ እናጣለን። ሄልሜት የራስ ቅልን ይጠብቃል እንጂ አንጎል ውስጥ ለውስጥ እንዳይናጥ አያደርግም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ አወዳደቅ ስንለማመድ ሰነበትን፤ ጉልበት ማጠፍ፣ ወደ ኋላ ሲወድቁ አገጭን ደረት ላይ መለጠፍ። ይህን ቶሎ ያዙት። አልሆን ያላቸው "ራሴን ተመታሁ" ብሎ ለትልቅ ሰው መናገር ነው። ለምን? ሜዳልያው ይቀርብናል ብለው።»

 ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ባውክየ ወድቀው ሲነሡ ምን አሉዎት?» አለችው።

ይህን ጥያቄ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በፊቱ የጠየቀው ግን አልነበረም። የሄሰል ሚስት ባውክየ በአንድ እንዲህ ባለ ጉዞ መካከል ወደ ኋላ ወድቃ፣ ሜዳልያው እንዳይቀርባት እስከ መድረሻው ሄዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርሃን ዓይንዋን፣ የሰው ድምፅ ራስዋን ያሠቃያታል። ጠያቂ ቀስ በቀስ ቀረ። ቀን ከሌት መጋረጃ በማይዘጋበት መንደር የእነርሱ መስኮት ብቻ ተጋርዶ ይኖራል።

«ዞረብኝ አለች» አለ ሄሰል በመጨረሻ። «አስታወከች። እኔም... ትንሽ ነው የቀረን፣ አይዞሽ አልኳት።»

«ያኔ ማንም አላወቀም፣ አጎቴ። አሁን ግን እናውቃለን። የተመታ አንጎል ዕረፍት ይፈልጋል፤ ሳያርፍ ሁለተኛ ቢመታ ጉዳቱ ይብሳል። ልጆቹ ግን እኔን ሳይሆን እርስዎን ነው የሚሰሙት።»

«እኔው እነግራቸዋለሁ» አለ፣ ፊቱን ወደ ቦዩ አዙሮ። «አንቺማ እንደ መጽሐፍ ነው የምታወሪው፤ ያንቀላፉብሻል።»

በማግስቱ በልጆቹ ፊት ቆሞ፣ «ራሱን የተመታ ይቁም!» አለ። «የዞረበት፣ ያቅለሸለሸው፣ ብርሃን የበዛበት ለትልቅ ሰው ይንገር። ሜዳልያውን ከእጄ ይወስዳል። ደብቆ የጨረሰ ግን ከእኔ ዘንድ ምንም የለውም።»

ከቀትር በፊት ሲትስከ የምትባል ልጅ ወደቀች። እያለቀሰች ራስዋ መጥታ ነገረችው። ቃል እንደ ገባው ሜዳልያውን በእጇ አስይዞ፣ እናቷ እስክትደርስ በካፖርቱ ሸፍኖ አጠገቧ ተቀመጠ። ሐኪሙ ዕረፍት አዘዘላት፤ ከሳምንታት በኋላም እንደ ቀድሞዋ ሳቂታ ሆና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የመንደራችን ልጆች መመታታቸውን አይደብቁም፤ ወላጆችም የወደቀውን ልጅ ተነሥተህ ሂድ ከማለት አስቀድመው ምን ይሰማሃል ይላሉ። አጥንት ቢሰበር በጀሶ ይታሰራል፤ አንጎል ግን እንዲህ ያለ ማሰሪያ የለውምና፣ ልጅን አስቀድሞ ማስተማር ከሁሉ ይሻላል።

የዚያን ዕለት ማታ ሄሰል የሆነውን ለባውክየ በጨለማው ክፍል በሹክሹክታ እንደ ነገራት ኋላ አጫውቶኛል።

«ልጅቱ አለቀሰች?» አለች ባውክየ።

«አለቀሰች።»

«ማን አብሯት ተቀመጠ?»

«እኔ።»

 ባውክየም፣ «እኔንም ተቀመጪ ብትለኝ ኖሮ እቀመጥ ነበር» አለችው።

 ሄሰል ወንበሩን ወደ አልጋዋ አስጠግቶ ተቀመጠ።