የጥጡ ጣሳ

ረፋድ ላይ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ መርፌ ክፍል፤ ዘበኛው ይመኑ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ጠመንጃውን በነርሷ በሲስተር ሐረገወይን ደረት ላይ ደግኗል፣ የእሷ ከንፈር ደምቷል፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱ የሺመቤት ከጎን ባለው ክፍል በቃሬዛ ላይ ታቃስታለች።

ይመኑ፦ ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ስትወጊያት በአልኮል ጠርገሻታል ወይስ አልጠረግሻትም?

ሐረገወይን፦ መጀመሪያ አፈሙዙን ከደረቴ ላይ አንሳው።

ይመኑ፦ አላነሳም። በጥፊ ስልሽ ካልገባሽ፣ የሚቀጥለው ጥፊ አይደለም።

ሐረገወይን፦ ጥርሴ ተነቃንቆ እንዴት አይገባኝም? ጋሽ ይመኑ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚሁ ጠመንጃ ስትጠብቀኝ ኖረሃል እኮ።

ይመኑ፦ ማንን እንደምጠብቅ አላወቅሁም ነበራ። ሚስቴ በቀደም ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በእግሯ መጣች፤ ዛሬ አራት ሰው ተሸክሞ አመጣልኝ። ክንዷ ጭኔን አክሏል። ሰውነቷ እሳት ነው። እናቷን ስትጣራ ነው ያደረችው፣ እናቷ ከሞተች አሥር ዓመት ሆኗታል።

ሐረገወይን፦ አይቻታለሁ። መግል ቋጥሯል። አሁኑኑ ካልተበጣ ወደ ደሟ ይገባና እሷንም በሆዷ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። ሆስፒታሉ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ አትደርስም።

ይመኑ፦ አንቺማ አትነኪያትም። ያገሩ ሰው ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ? ይቺ ነርስ አልኮሉን ሰስታ፣ በሳሙናና በውሃ ብቻ ዳበስ አድርጋ መርፌዋን ትሰካለች ነው የሚልሽ።

ሐረገወይን፦ እውነቱን ነው። ለክትባት በሳሙና የታጠበ ንጹሕ ቆዳ ይበቃል። ያን ቀን አሥራ አንድ ነፍሰ ጡር ወጋሁ። አሥሩን እንደዚያ አጥቤ ነው፤ አሥሩም ጎጇቸውን እየመሩ ነው።

ይመኑ፦ የኔዋስ?

ሐረገወይን፦ የእሷን በጥጡ ጠረግሁት።

ይመኑ፦ ትዋሻለሽ። እደፋሻለሁ።

ሐረገወይን፦ ደጅ ቆመህ ለተሰለፉት ሴቶች ምን ስትል ነበር?

ይመኑ፦ ያለ አልኮል ጥጥ እንዳትወጉ ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። እዚህ ቤት እኮ አሥራ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ፣ ካንቺ በቀር ያለ ጥጥ የወጋ ሰው አላየሁም።

ሐረገወይን፦ የሰማችህ ሚስትህ ብቻ ናት። ክንዷን ሰብስባ፣ «ባሌ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ እኔ እንደ ሰሃን በሳሙና አልታጠብም» አለችኝ። ሰልፉ ረዝሞ፣ እኔም ደክሞኝ፣ ያንን የጥጥ ጣሳ ከፈትኩት። ጥጡ ከተዘፈዘፈ ሳምንት አልፎት ነበር። እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ፤ ለዚህ ብትመታኝ እችለዋለሁ።

ይመኑ፦ ዓመትስ ቢዘፈዘፍ? አልኮል ጀርም ይገድላል የምትሉት እናንተው አይደላችሁ?

ሐረገወይን፦ አልኮል ይገድላል። ቅድም ቃሬዛው ሲገባ ክንዷን አየሁና ጣሳውን አሸተትኩት፣ ምንም አይሸትም። መጋዘን ገባሁ፤ ከአልኮሉ ጀሪካን ትንሽ ቀድቼ ክብሪት ጫርኩበት።

ይመኑ፦ እና?

ሐረገወይን፦ ክብሪቱ ጭስ ብሎ ጠፋ። ውሃ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ደለል አለው። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እኔና አንተ ዘንድ ነው። እኔ መጠጥ አልቀምስም።

ይመኑ፦ አፍሽን ዝጊ።

ሐረገወይን፦ ውሃውን ከየት ነው የቀዳኸው?

ይመኑ፦ ዝጊ አልኩሽ። ቃታው ላይ ነው ጣቴ።

ሐረገወይን፦ ሳበው እንግዲህ። ከተኮስክ በኋላ ማን እንደሚበጣት ግን አስቀድመህ አስብ። ከየት ነው የቀዳኸው?

ይመኑ፦ ከወንዙ። ከታች፣ ከብቶቹ ከሚጠጡበት። የክረምቱ ብርድ አጥንቴን ሲበላኝ አልኮሉን በክዳኑ መጠጣት ጀመርኩ፣ ከዚያ በብርጭቆ ሆነ። መጉደሉ እንዳይታወቅ እሞላው ነበር። ውሃ ምን ያደርጋል ብዬ፣ ሲስተር። ውሃ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።

ሐረገወይን፦ ምን እያደረግህ ነው? አፈሙዙን ከአገጭህ ሥር አንሳው።

ይመኑ፦ የሚገባኝ ይሄ ነው።

ሐረገወይን፦ ይገባህ ይሆናል። አንጎልህ ግድግዳው ላይ ቢበተን ግን የእሷ ክንድ እብጠት አይጎድልም። ቅድም ምላጭ ይዤ ስጠጋ ይኸው ጣቴን ነክሳኛለች፣ ተመልከት። መርዝ የወጋችሽ እሷ ናት ብለህ ነግረሃታል፤ አምናሃለች።

ይመኑ፦ ጥፍንግ አድርጌ ልያዝልሽ።

ሐረገወይን፦ እየታገለች ብበጣት ደም ሥሯን እቆርጠዋለሁ፣ እጃችን ላይ ትቀራለች። ክንዷን ወዳ መዘርጋት አለባት። ያን የሚያደርግ አንተ የምትነግራት ነገር ብቻ ነው።

ይመኑ፦ ሌላ ነገር ልበላት። በሳሙና ብቻ አጥባ ነው የወጋችሽ፣ አሁን ግን ይቅርታ ጠይቃኛለች ልበላት።

ሐረገወይን፦ ያን ካልካት ሳሙናም አታስነካኝም። አልኮል እንደሁ የለም፣ በምን ላጥባት ነው? እውነቱን ንገራት።

ይመኑ፦ ትጠላኛለች። ዓይኔን ማየት ትጠላለች።

ሐረገወይን፦ ትጥላህ። በሕይወት ኖራ ትጥላህ።

ይመኑ፦ እንኪ፣ ጠመንጃውን ያዥው። ስነግራት እጄ ላይ እንዳይኖር።