ከካሜራው ውጪ አሥራ አንድ ሰከንድ

...ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ፊቷ ከካሜራው ወጣ። የቀረኝ የወንበሩ መደገፊያና የሹራቧ ጫፍ ነበር። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሰከንድ።

ይቅርታ። ከምስጋናው መጀመር ነበረብኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሽመክት፣ ባልደረቦቼ፣ በጡረታ ስወጣ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስላለበሳችሁኝ ጋቢም፤ የእንጅባራን ብርድ ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠራተኛ ስቀጥር ኖሬያለሁ። ፈተናው በአዳራሽ በነበረ ጊዜ ያላየሁት ጉድ የለም። በታናሹ ስም ሊፈተን ከጫግኒ የመጣውን ታላቅ ወንድም ታስታውሳላችሁ? "ስምህ ማን ነው?" ስለው፣ "የእኔ ወይስ የእሱ?" ያለኝን? ሳቃችሁ። እኔም ስቄ ነበር። ግን እነዚያ ወንድማማቾች ቢሳካላቸው ኖሮ፣ ሌት ተቀን ያጠና የአንድ ሰው ልጅ ቤቱ ይቀር ነበር።

ስለዚህ አምና ፈተናው በኢንተርኔት ሲሆን፣ ተፈታኙ ከቤቱ ተቀምጦ እኛ ከዚህ በካሜራ ስንጠብቀው፣ ከሁሉም ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተሩን ያስተካከለልኝ ምንይችል፣ "እትዬ ዘውድነሽ፣ ከእንግዲህ ዓይንዎ ዳንግላ ድረስ ያያል" አለኝ።

"ጆሮዬስ?"

"ድምፁን ከከፈትነው ኔትወርኩ ይሞታል።"

ዓይን ብቻ ሆንኩ። ስድስት አጭበርባሪ ያዝኩ። እውነተኛ አጭበርባሪ። ሰባተኛዋ ባለፈው ወር የተፈተነችው፣ ቅድም የጀመርኩላችሁ ልጅ ናት፤ ናርዶስ፣ ከዳንግላ። ፊቱ ከአሥር ሰከንድ በላይ ከካሜራ የወጣ ይሰረዛል፣ ይላል መመሪያው። "ከሰው ጋር ተነጋግራለች፤ ከቦታዋ ተነሥታለች" ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም እውነት ነው።

በሳምንቱ በሚኒባስ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"ማንን ነበር የምታነጋግሪው?"

"አያ ብርሃንን። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ናቸው። ሳያንኳኩ ገቡ።"

"መልስ ነገሩሽ?"

"ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ምን ይነግሩኛል? 'ኖር' ብዬ ተነሣሁላቸው። 'በእግዜር፣ ተቀመጪ' ብለው እስኪወጡ ቆምኩ። እርስዎ ቢሆኑ ቁጭ ብለው ያዩአቸው ነበር?"

"መመሪያ ነው፣ ልጄ።"

ልጄ ማለቴ ነው ያሳፈረኝ።

የካሜራውን ቅጂ ደግሜ አየሁት። አራት ጊዜ። ከንፈሯ አንድ ቃል ብቻ ይላል፤ አጭር። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ ያችን ቃል ከሰው ከንፈር ላይ አላውቃትም? ወይስ እያወቅሁ ነው የቆጠርኩት? እስከ ዛሬ አልለየሁትም። የጻፍኩትን ሳልነካው ቆየሁ። ሦስት ሳምንት።

ክቡራትና ክቡራን፣ ቅድም ወደ አዳራሹ ስገባ ሁላችሁም ከወንበራችሁ ተነሣችሁልኝ። ስንት ሰከንድ ቆማችሁ? ማን ቆጠረ?

ካሜራው ይቅር አልልም። ካሜራ ባይኖር ስድስቱ ዛሬ እዚህ አብረውን ይጨበጭቡ ነበር። ግን ከመሰረዙ በፊት ተፈታኙን የሚጠይቅ ሰው ይኑር። እኔ አልጠየቅሁም።

አቶ ሽመክት፣ የአዲሶቹ ቅጥር ነገ ይጸድቃል። ከነገ በኋላ ናርዶስ ለሁለት ዓመት የትኛውንም ፈተናችንን አትፈተንም፤ ማኅደሯም ላይ "አጭበርባሪ" ተብሎ ይቀራል። ይህ ወረቀት "ተሳስቻለሁ፤ እንደገና ትፈተን" ይላል። ፈርሜበታለሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሠራተኛችሁ ነኝና ፊርማዬ ይሠራል። የጎደለው የእርስዎ ነው።

አውቃለሁ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ቀኑ አይደለም። ሌላ ቀን ግን የለኝም።

ባልደረቦቼ፣ ጤና አይለያችሁ። በልጆቻችሁ ላይ የሚፈርድ ሰው ሰምቶ የሚፈርድ ይሁንላችሁ። የፈረማችሁትን ደግማችሁ ለማየት ድፍረቱን ይስጣችሁ፤ ከእኔ ቀድሞ ይስጣችሁ። ይህ ቤት ይስፋ፣ የሚገባበትም በእውነት ይግባ። ክፉ አይንካችሁ።

እስክሪብቶው ይኸው፣ አቶ ሽመክት። እዚሁ ቢፈርሙልኝ... ወዴት ነው? ሳይፈርሙ፣ ወረቀቱን ይዘው...

በሩ ተዘጋ።