ቀጥ ያለው ተርታ የማን ነው?

ከባቡር ጣቢያው ስመለስ ከአጎት ኤኖስ ትራስክ ጋር የተገናኘነው ሳንፈላለግ ነው። እንደ ልማዴ ዛቡን አላልቼ፣ መንገዱን ለፈረሷ፣ ሐሳቤን ለደመናው ትቼ ስጓዝ፣ ከማሳቸው አጥር ማዕዘን ላይ፣ «ቁም! ቁም እንጂ! ተኝተህ ነው የምትነዳው?» የሚል ድምፅ አባነነኝ።

አጎት ኤኖስ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ በእኛ በኢሊኖይ ሜዳ ጢሙ የሸበተ ጎረቤት ሁሉ አጎት ነው። በጅራፋቸው ጫፍ ጋሪዬ ላይ ያለውን የሽቦ ጥቅል እየነካኩ፣ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ወንድምህ ሉተር ሰማዩን ሊያጥር ነው?» አሉኝ።

«የአጥር ሽቦ አይደለም፣ አጎት ኤኖስ። የበቆሎ መዝሪያ ሽቦ ነው። ቋጠሮዎቹን አያዩአቸውም? ከማሳው ዳር እስከ ዳር ይወጠራል፤ መዝሪያ መኪናው ጎን ለጎኑ ሲሄድ፣ ቋጠሮው ይህን ሹካ መሳይ ብረት በገፋው ቁጥር ዘሩ ራሱ ይወድቃል። ፊት ተቀምጦ ማንሻውን የሚጎትት ሰው አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም!» ብለው ሣቁና ወደ ኋላቸው ዞሩ። «አልማይራ! ሰማሽ? ከዛሬ ጀምሮ አታስፈልጊም ተባልሽ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማይራ ከመዝሪያ መኪናቸው አጠገብ ቆማ ዘሩን በሁለቱ ሣጥኖች ትሞላ ነበር። ሁለተኛ ሚስታቸው ናት፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። «ሰማሁ፣ አቶ ትራስክ» አለች። ከሽርጧ በታች ሆዷ ገፍቶ ይታያል። አምናም በዚሁ በዘር ሰሞን ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጁ ግን ለወጉ ሳይበቃ ቀረ። አጎት ኤኖስ «የእግዜር ፈቃድ ነው» አሉ፤ እኛም ጎረቤቶቻቸው ባርኔጣችንን አውልቀን አንገታችንን ደፋን፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀም።

ፈረሶቹ ተጠምደዋል። ማሳው በእንጨት መጎተቻ አግድም ተሰነጣጥሮ ምልክት ወጥቶለታል። መኪናው ምልክቶቹን እያቋረጠ ሲሄድ፣ ነጂው ከኋላ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ዛብ ይዞ ይቀመጣል፤ ዘር ጣዩ ግን ከፊት፣ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል፣ መደገፊያም መያዣም በሌላት ጠባብ ሳንቃ ላይ ነው። ምልክት በመጣ ቁጥር ማንሻውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ መንጠቅ አለበት፤ ከንጋት እስከ ምሽት። እጁ ከዘገየ በቆሎው ከተርታው ውጭ ይበቅልና በተርታዎቹ መካከል አረም የሚያርሰው የሽልሻሎ ብረት ነቅሎት ያልፋል። ሚዛኑን ከሳተ ደግሞ የሚወድቀው በፈረሶቹ ኮቴና መሬት በሚሰነጥቀው ብረት መካከል ነው። ዛሬ በዚህች ሳንቃ ላይ የምትወጣው ያቺ ሴት ነበረች።

ይህን ሳስብ ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም ሽማግሌ ናቸውና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አጎት ኤኖስ፣ ዘንድሮስ ሌላ ሰው ቢቀመጥ?» አልኳቸው።

«ማን? ያን የሽማርዝ ቤት ሠራተኛ? አምና ለጎረቤት ሲጥል አይተኸዋል፤ ምልክቱን የሚያየው ካለፈ በኋላ ነው። የአልማይራ ዓይን ንስር ነው።»

«እንግዲያው ሽቦው...»

«ስማኝ፣ ፕሮፌሰር!» ከተማ ትምህርት ቤት ገብቼ ከጨረስኩ ጀምሮ ስሜ ይኸው ሆኗል። «ሽቦ ጠዋት በብርድ ይኮማተራል፤ ቀትር ላይ ይላላል። በየዙሩ ካስማውን ነቅለህ ስትተክል አንዴ አጥብቀህ፣ አንዴ አላልተህ ትወጥረዋለህ። በሽቦ የዘራው የዚያ ማዶ ሰውዬ ማሳ ምን እንደ መሰለ አላየህም? አግድም ተርታው እባብ ነው፣ እባብ! ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሪው ሁሉ እየቆመ ሳቀበት። እኔ ኤኖስ ትራስክ በስተርጅና የእሑድ መሣቂያ ልሁን?»

እውነታቸውን ነው፤ በእኛ ዘንድ ሰው የሚመዘነው በበቆሎው ተርታ ነው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ በጋሪ እየተንሸራሸረ የጎረቤቱን ማሳ ይመረምራል። ወደ ፊትም ወደ ጎንም ቀጥ ካለ፣ «ይህስ ሰው ነው!» ይባላል፤ ከጠመመ ባለቤቱ መጠጥ ጀምሮ እንደ ሆነ ይጠየቃል።

«ያ ሰውዬ ሽቦውን ከአጥሩ እንጨት ጋር አስሮት እኮ ነው» አልኳቸው። «በካስማ እኩል ከተወጠረ አይጠምም። ይልቅስ ልጠይቅዎት፤ ይህን መኪና መጀመሪያ ወደዚህ ሰፈር ያመጡት ማን ናቸው?»

«እኔ ነኛ! ሰው ሁሉ በቆሎን በመቆፈሪያና በእግር ጣቱ ሲተክል።»

«አባትዎ ምን አሉ?»

ፊታቸው ፈካ። «‹ብረት ዘር ያውቃል ወይ?› አለኝና እስከ አጨዳ አላናገረኝም። ያን ጊዜ ደግሞ ዘሩ ከላይ ከሣጥኑ ስለሚለቀቅ፣ በቱቦው እየተንጋጋ ወርዶ ሜዳው ላይ ይበተን ነበር። ከቱቦው ግርጌ በር ያለው ሲወጣ፣ ዘሩን መሬት አጠገብ የሚያቆይ፣ ያንንም ቀድሜ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጎማውንም ለውጫለሁ፤ አፈሩን ከግራና ከቀኝ ይጫነውና ዘሩ ላይ ያለውን ልል ይተወዋል፣ ቡቃያው እንዳይታፈን። ስለ መኪና መሻሻል ከሆነ አንተ ገና በአንቀልባ ሳለህ የማውቀውን ነው የምትነግረኝ!»

«አላስተምርዎትም፤ ይልቅ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ለዘሩ በር አበጁለት። አፈሩ እንዳይጨነቅ ጎማ ለወጡለት። ለቡቃያው እንኳ አዘኑለት! ያቺ ሳንቃስ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያቺው ሳንቃ አይደለችም?»

«ሳንቃ ምን ይሻሻላል? ቁጭ ማለት ነው እኮ! ሰው ቁጭ ብሎ አንዲት ዘንግ ቢጎትት ምን ይሆናል? የመጀመሪያዋ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጥላልኛለች፤ አንድ ቀን አላማረረችም።»

«ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«አፍህን ጠብቅ፣ ልጄ!»

ጠበቅሁ፤ ግን ብዙ አልቆየሁም። «ይቅርታ፣ አጎት ኤኖስ። ይህን ብቻ ይመልሱልኝ። ተርታው ቀጥ ሲል ሰው ምን ይላል?»

«‹ኤኖስ ትራስክ ነድቶታል› ይላል። ምን ይላል ታዲያ!»

«ሲጠምስ?»

«አይጠምም። ከጠመመም... ‹አልማይራ አንቀላፍታ ነበር› እላለሁ። ቀልድ ነው። እሷም ታውቃለች።»

ቀልድ! አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ፍረድ። ተርታው ሲቀና የነጂው ነው፤ ሲጠምም የጣይዋ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኛ ነው፤ የማሳውን ተርታ በዓይናችን እየለካን፣ ሳንቃዋ ላይ ያለችውን ሰው ሳናይ ስንት እሑድ አለፍን! ደግሞስ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ነጂው ፈረሶቹን ሲያፈጥን፣ ማንሻው በሰዓቱ ቢጎተት እንኳ ዘሩ ምልክቱን አልፎ ነው የሚወድቀው። ተርታውን የሚያጠመው አለንጋው ነው፤ የምትከሰሰው ግን የጣይዋ እጅ ናት። ይህንኑ ነገርኳቸው። ፊታቸው ቀላ።

«መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ማሳዬን ሊያርምልኝ! ፀሐይ ሳትሄድብኝ መንገድህን ቀጥል!»

«እሄዳለሁ። ግን ቁጭ ማለት ብቻ ከሆነ እርስዎ ሳንቃዋ ላይ ሆነው አንድ ጊዜ ደርሰው ይምጡ፤ ከዚህ እስከዚያ ዳር። ወይዘሮ አልማይራ ይንዱ።»

«እሷ ነድታ ተርታዬን ልታበላሽ!»

ያን ጊዜ ወይዘሮ አልማይራ የሣጥኑን ክዳን ዘጋች። «መንዳቱ ምን ይከብዳል፣ አቶ ትራስክ?» አለች ረጋ ብላ። «ቁጭ ማለት ነው እኮ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ወደ ፈረሴ ዞርኩ። አጎት ኤኖስ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። ኩሩ ሰው ናቸው። ጅራፉን ሰጧትና ሳንቃዋ ላይ ወጥተው ማንሻውን ጨበጡ። «ሂጂ! የእኔ እጅ ይታያችኋል!»

እኔ በማሳው ዳር በእግሬ ተከተልኳቸው። የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች አልሳቱም። እሷ ፈረሶቹን ልክ እሳቸው በሚነዱበት ፍጥነት ነበር የምትነዳው፤ ምላሷንም ልክ እንደ እሳቸው ታጮሃለች። ጥቂት እንደሄዱ፣

«ዘገዩ፣ አቶ ትራስክ» አለች።

«አልዘገየሁም! አንቺ ፈጥነሽ ነው!»

«ዘገዩ።»

አሁንም፣ «ዘገዩ።» ባርኔጣቸው ወደቀ፤ ለማንሣት ጊዜ የለም፤ ምልክቱ ከእግራቸው ሥር እንደ ወራጅ ውሃ ይመጣል። ወደ ግራ ሲነጥቁ ሳንቃዋ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። እግራቸው የሚረግጠው ፈልጎ አጣ። ቆላማው ማዕዘን ሲደርሱ የመኪናው ብረት ትልቅ ጓል ላይ ወጣና ዘለለ፤ ማንሻው ሆዳቸውን መታቸው፤ ወደ ፊት ተደፍተው የፈረሱን ጭራ ይዘው ቀሩ።

እሷ በአንድ ጊዜ ዛቡን ሳበች። ፈረሶቹ ቆሙ።

አጎት ኤኖስ ከሳንቃዋ ወርደው ሆዳቸውን ይዘው ጥቂት ጎንበስ ብለው ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው በቀጥታ የሄደው ወደ ሚስታቸው ሽርጥ ነው። ከዚያ ወደ ጓሉ። ከዚያ እንደ ገና ወደ እሷ።

«አምና...» አሉ። «አምና እዚህ ነበር?»

«እዚህ ነበር፣ አቶ ትራስክ።»

«ታዲያ ምነው ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎታለሁ። ‹ወደቅሁ› አልኩዎት። ‹በየትኛው ተርታ ላይ?› ብለው ጠየቁኝ።»

እኔም ሳዘጋጅ የቆየሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ዘመን፤ ሁሉም ከአፌ ጠፋ። ከእኔ ንግግር ይልቅ ያቺ ጓል አስረዳቻቸው።

አጎት ኤኖስ ባርኔጣቸውን አላነሡም። በተሰነጣጠረው ማሳ ላይ በቀጥታ ወደ ጋሪዬ ተራመዱ። «ካስማዎቹ የት አሉ?» አሉኝ።

«ሽቦው እኮ የሉተር ነው፣ አጎት ኤኖስ፤ ነገ...»

«ለዛሬ ከኤኖስ ትራስክ ዘንድ ነው በለው። ነገ ራሴ አመጣለታለሁ። ያ ሹካ በአሮጌ መኪና ላይ ይታሰራል?»

«ይታሰራል።»

«አንተ ተወው፤ እኔ አስረዋለሁ። የመጽሐፍ ሰው ብሎን ይሰብራል።» ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «አልማይራ፣ ግቢ። እባክሽ ግቢ» አሏት።

እሷ ግን አልገባችም። ከአጥሩ ሥር ባለው ጥላ ተቀምጣ፣ ባሏ ያቺን ሳንቃ ከብሎኖቿ ነቅለው በአጥሩ ላይ አሻግረው ሲወረውሩ ተመለከተች።

ወሩ አልቆ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ አንድ እሑድ በዚያው አጥር ማዕዘን ቆመን ነበር፤ አጎት ኤኖስ፣ ወይዘሮ አልማይራና እኔ። ከሰፈሩ ሌላ ጫፍ የመጡ ባልና ሚስት ጋሪያቸውን አቆሙ። አጎት ኤኖስ አዲስ ነገር ሲያገኙ አፋቸው አያርፍም፤ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጀመሩ።

«ሽቦ ነው! አዎን፣ የራሴን አስመጣሁ። አግድም ምልክት ማውጣት የሚባል ድካም ቀረ፤ ዝናብ ምልክቱን አጠበው ብሎ ማልቀስም ቀረ። ለሁለት ሰው የነበረው ሥራ ለአንድ ሆነ። ካስማውን በየዙሩ እኩል ወጥር፣ ፈረሱን አታጣድፍ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሽልሻሎው በሁለቱም አቅጣጫ ሲያልፍ በሽቦ ከተዘራው አንዲት አገዳ አልነቀለም። ሂድና እየው! በቤቴም እራት በሰዓቱ ይቀርባል፤ የምታቀርበውም ሳትንገዳገድ ነው። ይህ ጥቅም አይደለም?»

ሰውየው በጋሪው ላይ ተነሥቶ ማሳውን በዓይኑ ለካ። ራሱን እየነቀነቀ ሳለ ቆላማው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። እዚያ የሚደርሱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተርታዎች እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፤ አንዱ በቆሎ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ።

«ያ ደግሞ ምን ሆነ፣ ኤኖስ? አልማይራ አንቀላፍታ ነበር?»

የአጎት ኤኖስ ጆሮ ቀላ። ወይዘሮ አልማይራ መሬቱን አየች። የሰው ኩራት የሚፈተንበት ቦታ ያችው ናት።

«አይ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አልማይራ እየነዳች ነበር፤ አነዳዷም ልክ ነበር። ዘሩን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ጓንት ያጠለቁ እጆቿን አጣጥፋ፣ ዞር ብላ ባሏን ትክ ብላ አየችው፤ እሱም ዛቡን እስኪያነሣ ድረስ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም።