ለማንም ያልተሰጠ ደረጃ

አበባው፣ በሩን ተወው፣ አትዝጋው። ነፋሱ የበዛበት ሰው ወደ ውስጥ ጠጋ ይበል።

እንግዲህ የእትዬ ውባለምን የሽኝት ንግግር ለእኔ ለሃና የሰጣችሁኝ ምላሴን እያወቃችሁ ነው፤ ኋላ እንዳትቆጡ። እትዬ፣ እርስዎም ዛሬ ማቋረጥ የለም።

እትዬ ውባለም መርሳ የገቡ ዕለት ትምህርት ቤታችን ድግስ ላይ ነበር። የኢንስፔክሽን ውጤት መጥቶ “ደረጃ አንድ” ይላል። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ፈንታው በደስታ በግ አሳርደዋል። እትዬ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ተዛውረው፣ ሻንጣቸውን እንዳንጠለጠሉ “የምን ድግስ ነው?” አሉ።

“አንደኛ ወጥተን ነዋ።”

“ከስንት?”

“ከአራት።”

“ውይ ጋሼ፣ የትምህርት ቤት ደረጃ እኮ እንደ ተማሪ አይደለም። እዚህ ላይ የበላዩ አራት ነው፤ አንድ ማለት ውራ ነው።”

ጋሽ ፈንታው ሥጋውን አዩ፣ ሰውን አዩ። “ታዲያ በጉስ?”

“በጉማ ምን አጠፋ? ብሉት እንጂ” ብለው እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ።

ከዚያ ወዲያ “ከስንት?” ያላሉት ሰው የለም። ከግራና ከተማ የመጡ አንድ አባት “እዚያ ትምህርት ቤት ሁለተኛ የነበረች ልጄ እዚህ ሃያኛ ወጣች፤ ደንቁራለችና ከእንግዲህ ቤት ትዋል” ብለው መጡ። እትዬ “ከስንት?” ብለው አስቀመጧቸው። እዚያ ከአሥራ አምስት ልጅ ነው፣ እዚህ ከሃምሳ አንድ። ልጅቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። ደሴ ያለው ሐኪም እንኳ “ደም ግፊትዎ ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል” ቢላቸው “ከስንት?” አሉት።

ሃምሳ አንድ ስል የሳቃችሁት ገብቶኛል። ክፍሉ ሃምሳ ልጅ ነበር። በእትዬ ክፍል ግን ውራ የሚወጣ የለም፤ አንድ ደረጃ ይጨምሩና የመጨረሻውን ለማንም አይሰጡም። ካርድ በሚሰጥበት ቀን ከአንደኛ ጀምረው ይጠራሉ። መጨረሻ ላይ ስም ሳይጠሩ “ሃምሳ አንደኛ” ይሉና በሩን ያስከፍታሉ። ልጆቹ ወደ በሩ ይዞራሉ። እትዬ ትንሽ ቆይተው “እሺ፣ ግቢ” ይላሉ። ማንን ነው ስንላቸው “ሒሳቡ እንዲሞላ ነው” ብለው ያልፉናል። እኛም ከኋላቸው “እብደቱ ስንተኛ ደረጃ ደረሰ?” እንል ነበር።

ዳይሬክተራችን አቶ ገዛኸኝ ከወልድያ ሲመጡ ይህ አልተዋጠላቸውም። “ሃምሳ ልጅ፣ ሃምሳ ደረጃ። እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው” አሉ። አቶ ገዛኸኝ፣ አንገትዎን አይድፉ፣ ሁላችንም ያኔ እውነትዎን ነው ብለናል። በጥር እትዬ ለዚሁ ለግፊታቸው ደሴ ሲሄዱ ካርዱን አቶ ገዛኸኝ ራሳቸው ሰጡ። ሜላት የምትባል ልጅ “ሃምሳኛ፣ ከሃምሳ” ተባለች።

ሜላት ቤቷ አልገባችም። ሰፈሩ ወጣ፣ የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ እስከ ጎረቤታችን ውርጌሳ ከተማ ድረስ ፈለጓት። ፀሐይ ልትገባ ስትል በራሷ እግር መጣች።

“የት ነበርሽ?” አሏት አቶ ገዛኸኝ።

“ቤት መግባት ፈርቼ ዝም ብዬ ስሄድ ነበር። መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ቆማ ‘ያ የእኔ ቦታ ነው፤ መልሽልኝና ቤትሽ ግቢ’ አለችኝ።”

“የማን ልጅ ናት?”

“አላውቃትም። ልብሷ ውኃ ያንጠባጥባል።”

ጥር ነው እንግዲህ። መርሳ ላይ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። አጠገቧ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

እትዬ ሲመለሱ ነገርናቸው። “በላይነሽ ናት” አሉ። ደጋ ሲያስተምሩ ውራ የወጣች ተማሪያቸው ናት። ካርዷን ተቀብላ በዝናብና በጉም ውስጥ ወጣች፣ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ከዚያ ወዲህ ያን ደረጃ ለሌላ ልጅ ሰጥተው አያውቁም። አቶ ገዛኸኝም በማግስቱ የሜላትን ካርድ ቀደው በአዲስ ካርድ ላይ “ሃምሳኛ፣ ከሃምሳ አንድ” ብለው በእጃቸው ጻፉ። ስለ ወልድያ አሠራር ያነሳ አልነበረም።

እትዬ፣ እናመሰግንዎታለን። በእርስዎ ምክንያት ስንት ልጅ ቤቱ በሰላም እንደገባ እኛም አናውቅ፣ እርስዎም አያውቁ። ባለፈው ሳምንት እጄን ይዘው “ሃና፣ እኔ ስሄድ ማን ይጠራታል? ቦታዋን ለሌላ ልጅ ከሰጡባት እኮ ያቺም ትጠፋለች” አሉኝ። የሚመጣው ዓመት እርስዎ የሚያስተምሩት አራተኛ ክፍል የእኔ ነው፣ ፈራሁ።

ትናንት ባዶው ክፍል ገባሁና ሞከርኩት። “ሃምሳ አንደኛ” ብዬ በሩን ከፈትኩ፣ ቆየሁ። ምንም አልሰማሁም። ልወጣ ስል ግን የበሩ ደፍ ላይ ውኃ ነበር። ዝናብ ካየን ሰንብተናል።

እትዬ፣ አሳብ አይግባዎት። እኔ እጠራታለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ፣ ጠላም ለስላሳም የያዛችሁ። እትዬ ውባለም፣ ጡረታዎ የእፎይታ ይሁንልዎ። ደጅዎ ሰው አይጣ። ግፊቱ ወደ አንደኛ ደረጃ ይውረድልዎ፤ እዚያ ላይ አንድ ጥሩ ነው። የልጅ ልጅዎ ካርድ ይዞ ሲመጣ እንኳ መጀመሪያ ይሳሙት፣ “ከስንት?” በኋላ ይደርሳል።

ገና አትጠጡ። ትንሽ እንቆይ። አበባው፣ በሩ ክፍት ነው አይደል?

እሺ፣ ግቢ።

አሁን እንጠጣ።