ስለ ካዛንቺሷ ጀልባ የኋላ ጣውላ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ዓብዱልሀኪም ኢሳ ይማም
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የመኪና ቦዲና ቀለም ባለሙያ
አድራሻ፦ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ቡልጋሪያ አካባቢ
ቀንና ሰዓት፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን መርሃዊት ብርሃነ

ከላይ ስሜ የተገለጸው እኔ ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን እንደሚከተለው እሰጣለሁ። ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን ከዚሁ ጣቢያ ስልክ ተደውሎልኝ፣ አቶ ኃይለገብርኤል ጀልባዋን ለጠልሐ ሲሸጡ ጉድለቷን ነግረውኝ እንደሆነ ስጠየቅ «አላስታውስም» ብዬ ነበር። አስታውሳለሁ። በዚያች ቃሌ ምክንያት የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት እዚህ ታስረው ሦስተኛ ቀናቸውን ስለያዙ ላስተካክል መጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠልሐ የእህቴ የነፊሳ ልጅ ነው፤ ባምቢስ የሞባይል ሱቅ አለው። ካገባ ወዲህ ከባለቤቱ ከሲሃም ጋር እሑድ እሑድ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ እየሄዱ በኪራይ ጀልባ ሲዝናኑ፣ የራሳችን ትኑረን የሚል ሐሳብ ያዛቸው። አቶ ኃይለገብርኤል ደግሞ የካዛንቺስ ግቢያቸው ሊፈርስ ስለሆነ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይዘዋት የማይወጡትን አምስት ሰው የምትጭን ጀልባ መሸጥ ነበረባቸው። በእኛ ቤተሰብ እኔ ሳላየው መኪና አይገዛም። በዚያ ላይ የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ስለሆነ ዘመድ ሁሉ «የሐይቁ» ይለኛል። ከዚያ የወጣሁት በሁለት ዓመቴ ነው፤ ዋናም አልችልም። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ጥቅምት 16 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከጠልሐ፣ ከሲሃምና ከነፊሳ ጋር ካዛንቺስ ሄድን። እኔ መኪና ሳይ የማደርገውን አደረግሁ፤ ከቀለሙ ሥር የተጎዳ ብረት የሚሞላበት ስቱኮ እንዳለ ለማወቅ ማግኔት ከኪሴ አውጥቼ ጎኗ ላይ አስጠጋሁ። አልያዘም። ሌላም ቦታ አልያዘም። ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ይቺማ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ስቱኮ ናት!» አልኩ። አቶ ኃይለገብርኤል ቀስ ብለው «ዓብዱልሀኪም፣ ፋይበር እኮ ናት፤ ብረት የላትም» አሉኝ። ጠልሐ በሳቅ ሞተ። «አጎቴ፣ በቃ ሐይቅ በማግኔት ነው የሚፈተሸው?» አለኝ። ነፊሳም «ወይኔ የሐይቁ! እንኳን አባታችን አልሰሙ!» ብላ ጨመረችበት። አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ተቃጠለ።

ከዚያ አቶ ኃይለገብርኤል ክንዴን ይዘው ወደ ኋላዋ ወሰዱኝ። ሞተሩ የሚታሰርበትን ጣውላ በካቻቢቴ ሲወጉት እንደ ራሰ ዳቦ ገባላቸው፤ ውሃም ወጣ። «ይህ ሳይቀየር ሞተሩን አይሸከምም። በልጆቹ ፊት እንዳላሳፍርህ ነው ለብቻህ የማሳይህ። የገዢ ወገን ሽማግሌ አንተ ነህ፤ አንተው ንገራቸው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ስመለስ ግን ጠልሐና ሲሃም ደረቅ መሬት ላይ በቆመች ጀልባ ውስጥ መሪ ጨብጠው ፎቶ ይነሳሉ፤ ነፊሳ እጇን ዘርግታ ዱዓ ጀምራለች። ሁላችንም አሚን አልን። በእኛ ቤት አሚን ከተባለበት ዕቃ ላይ ክፉ ማውራት ሟርት ነው፤ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ማለቴ፣ ሰበቤ ይህ ነበር። እውነቱ ግን በአንድ ቀን ሁለቴ መሳቂያ መሆን ፈርቼ ነው። ውል ሲፈረም አቶ ኃይለገብርኤል ነገርካቸው ወይ በሚል ዓይን አዩኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ጀልባዋ ሰማያዊ ልትቀባ በተሳቢ ተጎትታ እኔ ጋራዥ ገባች፤ አራት ሳምንት ያህል ቆማለች። ጣውላውን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ሞተሩ ከወረደ ጠልሐ ለምን ይለኛል። ስለዚህ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኜ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሼ፣ ቀለም ደረብኩበት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቃል ተቀባይዋ እዚህ ላይ አስቁመውኝ፣ የተናገርኩት በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችልና ዝም የማለት መብት እንዳለኝ ነግረውኛል። ዝም ማለቱ ይበቃኛል ብዬ ቀጥያለሁ።

እሑድ ኅዳር 15 ቀን ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ባቦጋያ ውሃ ላይ አወረዷት። ጠልሐ «አጎቴ፣ ግባ እንጂ፣ አገርህ ነው!» ሲለኝ ጉልበቴን አሞኛል አልኩ። ጉልበቴ ደህና ነበር። ዳር ቆሜ ሳይ፣ ፍጥነት ሲጨምር ሞተሩ ጣውላውን ገንጥሎ ሰጠመ፤ ጀልባዋም በኋላዋ ውሃ ሞልቶባት ተገለበጠች። ጀልባ አከራዩ ዋቅቶላ ደርሶ ሁለቱንም አወጣቸው። ሲሃም ትከሻዋ ተሰብሮ እስከ ዛሬ ሆስፒታል ናት።

ጀልባ ሲገዛ ምን መታየት እንዳለበት አውቅ እንደሆነ ተጠይቄ፣ የማውቀው ዋቅቶላ ያን ዕለት እየጮኸ የነገረኝን ነው ብያለሁ። «ሚስት የሚያገባ እንኳ ሰባት ቤት ይጠይቃል፤ እናንተ ጀልባ በደረቅ መሬት ትገዛላችሁ? ውሃ ላይ ግማሽ ሰዓት ሳትነዳት አትክፈል! ቀለሟን ተወው፤ ኋላዋን እይ። ሞተሩን ጨብጠህ ወዝውዘው፤ ጣውላው አብሮ ከተወዛወዘ ጥለህ ሂድ። ወለሏን በተረከዝህ ርገጥ፤ ከለሰለሰ ውሃ ጠጥታለች። ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር ያዝ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሻጩን ችግሯ ምንድነው ብለህ ጠይቀው!» አለ። መጨረሻ ያለውን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። እኔ ሳልጠይቅ ተነግሮኝ ነበር።

በስልክ ለምን እንደካድኩ ተጠይቄ፣ ስልኩ ሲደወል ሲሃም አልጋ አጠገብ ነበርኩ፤ ጠልሐም ይሰማ ነበር ብዬ መልሻለሁ። አቶ ኃይለገብርኤል ማንንም አላታለሉም።

ይህ ነገር ለጠልሐ በማን ቢነገር እንደምመርጥ ተጠይቄ፣ እኔው ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት በመኪናው ያመጣኝ እሱ ነው። በአዛውንቱ ላይ ልመሰክርለት የመጣሁ መስሎት «አጎቴ፣ ባንተ ኮርቻለሁ» ብሎኝ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ይህ ቃል በሚገባኝ ቋንቋ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያስቀረሁት የለም፤ በሌላ ሰው ላይ ያላከክሁትም የለም። እውነት ስለሆነ ከዚህ በታች ፈርሜያለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ዓብዱልሀኪም ኢሳ ይማም (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን መርሃዊት ብርሃነ (ፊርማ)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 5፡10